ሳያጣሩ ወሬ፦ የእርሻ ኩሬን ውኃ ስለ መመርመር

በአገራችን፣ በተለይም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ፣ በብዙ ገበሬዎች ጓሮ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተቆፍረዋል። አንዳንዱ ግድግዳው በሸክላ አፈር የተደለደለ፣ አንዳንዱም በወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈ ነው። በእነዚህ ኩሬዎች አትክልት ይለማል፣ ከብት ይጠጣል፣ ዓሣ ይረባል፤ ሌላ ውኃ በጠፋ ጊዜም ሰው ይጠጣቸዋል። ስለ አቆፋፈራቸው ብዙ ተነግሯል፤ በውስጣቸው ስላለው ውኃ ጤንነት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ይህንኑ ሲሆን፣ ትምህርቱንም የምንጀምረው ከራሳችን ስሕተት ነው።

1. ከአንድ ማለዳ የተገኘ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቁምስናችን ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያኑ እርሻ ግርጌ አንድ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ጨመሩበት። ውኃው አረንጓዴ እየሆነ ሲሄድ ዓሣዎቹ ምግብ አገኙ ብለን ደስ አለን፤ ይበልጥ ይፋፉ ብለንም ከበረት የወጣ ፍግ በብዛት ጨመርንበት። በክረምቱ መግቢያ ሰማዩ ለሦስት ቀናት በደመና ተሸፍኖ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ዘበኛው ሲጣራ ደርሰን ብናይ፣ ትልልቆቹ ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል፤ የቀሩትም አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ለመሳብ ይታገሉ ነበር።

ከኩሬው አጥር አጠገብ የአንድ ጎረቤታችን የብርብራ ዛፍ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣን እንደሚያደነዝዝና እንደሚገድል አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኚህ ሰው ደግሞ ኩሬው ሲቆፈር ስለ ወሰን ጉዳይ ቅሬታ አሰምተው ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ሳትል «የመረዙት እርሳቸው ናቸው» የሚል ወሬ ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። ልጆቻቸው በመንገድ ተሰደቡ፤ በዕድር ላይ ሰላምታ የነፈጓቸውም ነበሩ። እኛ ኩሬውን የምናስተዳድረው ሰዎች እውነቱን ባናውቅም «አላወቅንም» አላልንም። ዝም አልን፤ ዝምታችንም እንደ ምስክርነት ተቆጠረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የዓሣ እርባታ ባለሙያ መጡ። ስለ ሰው ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ዓሣዎቹ የሞቱት በስንት ሰዓት ነው? ቀድመው የሞቱት ትልልቆቹ ናቸው ወይስ ትንንሾቹ? ከዚያ በፊት በኩሬው ውስጥ ምን ጨመራችሁ? ቀጥሎም በጠብታ መድኃኒት የሚሠራ አነስተኛ የመመርመሪያ ሣጥን አውጥተው ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ለኩ፤ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ነበር። እዚያው አድረው በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንደገና ሲለኩ 2 ሚሊ ግራም እንኳ አልሞላም።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዓሣዎቹ የሞቱት በመርዝ ሳይሆን በመታፈን ነው፤ ያፈናቸውም ለማፋፋት ብለን እኛው የጨመርነው ፍግ ነው። የአገራችን ሰው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው እንዲህ ላለው ነው። ሽማግሌዎችን ይዘን ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድን፤ ይቅርታም ጠየቅን።

2. ኩሬ በሌሊት ምን ይሆናል?

በውኃ ውስጥ ካሉት ፍጥረታት አብዛኞቹ የሚተነፍሱት በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። የኩሬን ውኃ አረንጓዴ የሚያደርጉት ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባሉት እጅግ ደቃቅ ዕፀዋት፣ ቀን በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲያዘጋጁ ኦክስጅን ይሰጣሉ። ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይፈጃሉ። በኩሬው ወለል ላይ የሚበሰብሰው ፍግ፣ ቅጠልና የተረፈ መኖም እንዲሁ ይፈጃል። ስለዚህ የኩሬው ኦክስጅን ከቀትር በኋላ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ እየቀነሰ ሄዶ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ከሁሉ ዝቅ ይላል። ደመና ለቀናት ሲቆይ ቀን የሚገባው ያንሳል፤ ሌሊት የሚወጣው ግን አይቀንስም። ገቢው ሳይጨምር ወጪው የማይቋረጥበት ቤት እንደሚራቆት፣ ኩሬውም አንድ ማለዳ ባዶውን ይገኛል።

በደጋና በወይና ደጋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይገባናል። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከፍታ በጨመረ መጠን ይቀንሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ውኃ በባሕር ወለል ደረጃ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፤ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህም ማለት ሌሊቱን የምንጀምርበት ስንቅ ከቆላው ያነሰ ነው ማለት ነው።

ለዓሣ እርባታ በሊትር 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መልካም ነው። ቆሮሶ ታጋሽ ዓሣ ስለ ሆነ ከዚያ ያነሰውንም ይችላል፤ ነገር ግን በየማለዳው ከ2 እና 3 ሚሊ ግራም በታች የሚወርድ ኩሬ አደጋ ላይ ነው።

የመታፈን ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ዓሣዎች ንጋት ላይ በውኃው ገጽ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፤ ዋቅላሚው በድንገት ሲሞትም የውኃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ይለወጣል። መርዝ ሲገባ ግን ሞቱ ሰዓት አይመርጥም፤ ትንንሾቹም አይተርፉም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚቀድሙት እነርሱ ናቸው። የመታፈን ምልክት ሲታይ ፍግና መኖ መጨመርን ወዲያውኑ ማቆም፣ የሚቻል ከሆነ ንጹሕ ውኃ ማስገባት፣ ካልተቻለም የኩሬውን ውኃ በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ ላይ መልሶ በማፍሰስ ከአየር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

3. የአባ ሴኪ ሳሕን

ለኩሬ ምርመራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ቀላሉን ያስተዋወቁት ካህን ናቸው። ኢየሱሳዊው አባ አንጀሎ ሴኪ ኢጣሊያዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1865 በጳጳሳዊው መንግሥት መርከብ ላይ ሆነው ነጭ ሳሕን በገመድ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር እያወረዱ፣ ሳሕኑ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በመለካት የውኃውን ጥራት አጠኑ። ይህ መሣሪያ እስከ ዛሬ በስማቸው «የሴኪ ሳሕን» ይባላል። ለኩሬና ለሐይቅ የሚያገለግለው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በአራት ተከፍሎ ሁለቱ ክፍል ነጭ፣ ሁለቱ ደግሞ ጥቁር ይቀባል።

ይህን መሣሪያ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። ከአሮጌ ቆርቆሮ ክብ ቆርጦ መቀባት፣ ከሥሩ ድንጋይ ማሰር፣ በመካከሉ ገመድ አስገብቶ ገመዱን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ መቋጠር ይበቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳሕኑን በጥላ በኩል ቀስ ብሎ ማውረድና የተሰወረበትን ጥልቀት መያዝ ነው። ከዚያም ቀስ ብሎ እየሳቡ እንደገና የታየበትን ጥልቀት መያዝ፤ የሁለቱ አማካይ የዕለቱ ልክ ይሆናል።

ውኃው ያልጠራው በዋቅላሚ ምክንያት ከሆነ፣ ለዓሣ ኩሬ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያለው ልክ መልካም ነው። ከዚያ ሲያንስ ዋቅላሚው በዝቷልና የማለዳው መታፈን ቀርቧል። እጅግ ከበለጠ ደግሞ ለዓሣው የሚሆን የተፈጥሮ ምግብ አንሷል። ነገር ግን ያልጠራው በዋቅላሚ ነው ወይስ በአፈር? ውኃውን በብርጭቆ ቀድቶ በነጭ ወረቀት ፊት ማየት ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ዋቅላሚ፣ ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው። አፈር የሞላበት ኩሬ መድኃኒቱ ከኩሬው ውጭ፣ በእርከንና በሣር ላይ ይገኛል።

4. ፒኤችና አሞኒያ

የውኃን ኮምጣጣነት ወይም አልካላይነት የምንለካው ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው። ቀለሙን በሚለውጥ ወረቀት በጥቂት ሰከንድ ይታወቃል። ልኩ 7 ሲሆን ውኃው ገለልተኛ ነው፤ ለዓሣ የሚስማማው ከ6.5 እስከ 9 ያለው ነው። ዋቅላሚ የበዛበት ኩሬ ፒኤቹ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል። ስለዚህ በማለዳ የተለካን ከቀትር በኋላ ከተለካ ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

አሞኒያ ከፍግ፣ ከዓሣ ኩስና ከተረፈ መኖ ይመጣል። በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንዱ እምብዛም የማይጎዳ፣ ሌላው ግን ለዓሣ መርዝ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 9 ሲደርስ ግን ከመቶ 36 እጅ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ያው ኩሬ፣ ያው የአሞኒያ መጠን፣ በማለዳ የማይጎዳው ከቀትር በኋላ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አሞኒያን የሚለካ ሰው ፒኤቹንና ሙቀቱንም አብሮ መለካት አለበት፤ ብቻውን የቆመ ቁጥር ግማሽ እውነት ነው።

5. የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

እስከዚህ የተናገርነው ይበልጡን ስለ ዓሣ ነው። የሰውና የከብት ጤና ሲመጣ ግን ጥንቃቄው ይከብዳል፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የጠራው ኩሬ የሚያስከትለው ጉዳት በዓይን አይታይምና።

ሀ. ተሐዋስያን። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ ለመጠጥ በሚውል ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድም እንኳ መገኘት የለበትም። ይህ ባክቴሪያ መገኘቱ የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ከውኃው ጋር መቀላቀሉን ያመለክታል። ከብት የሚገባበት፣ ጎርፍ የሚወርድበት ክፍት ኩሬ ከዚህ ነጻ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ የኩሬ ውኃ ሳይታከም ለመጠጥ፣ በተለይም ለሕፃናት፣ መሰጠት የለበትም። የተፈጨ የሽፈራው ፍሬ ድፍርስ ውኃን እንደሚያጠራ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ማጥራት ማከም አይደለም። የጠራውን ውኃ ተንተክትኮ እስኪፈላ ማፍላት፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ አገር ደግሞ ፍላቱን ለ3 ደቂቃ ማቆየት፣ ወይም በክሎሪን ማከም ያስፈልጋል።

ለ. አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ዝቃጭ። ሲያኖባክቴሪያ የሚባሉት ተሐዋስያን ሲበዙ በውኃው ገጽ ላይ እንደ ፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም ተንሳፈው ይታያሉ። አንዳንዶቹ ጉበትን ወይም ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 በአውስትራሊያ በአሌክሳንድሪና ሐይቅ ዳር ከብቶችና በጎች እንዲህ ያለውን ውኃ ጠጥተው መሞታቸውን ጽፏል። በአገራችንም በቆቃ ግድብ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዓይነት በብዛት እንደሚገኝ በጥናት ታውቋል። ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዝቃጭ ሲታይ ከብቱን ማራቅና ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ይገባል።

ሐ. ናይትሬትና የእርሻ መድኃኒት። ከማዳበሪያና ከፍግ የሚመጣው ናይትሬት ለመጠጥ በሚውል ውኃ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ሲበዛ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናትን ይጎዳል፤ ማፍላትም አያስወግደውም። የፀረ ተባይ መድኃኒትን በኩሬ ዳር በሚደረግ ቀላል ምርመራ ማወቅ አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ስለዚህ መጠበቂያው አስቀድሞ መከላከል ነው፦ መርጫውን በኩሬው ውስጥ አለማጠብ፣ ባዶ ዕቃውን በኩሬ ዳር አለመጣል፣ በኩሬውና በሚረጨው ማሳ መካከል ሰፊ የሣር መሬት መተው።

6. ናሙና አወሳሰድና የኩሬው ደብተር

የተበላሸ ናሙና የተሳሳተ ፍርድ ያመጣል። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስተውል።

ናሙናው ከዳር ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ካለ ቦታ፣ ከውኃው ገጽ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀዳል። ለፒኤችና ለአሞኒያ የሚሆነው ጠርሙስ አስቀድሞ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ለባክቴሪያ የሚሆነው ግን ከላቦራቶሪ የሚመጣ ከተሐዋስያን የጸዳ ጠርሙስ ስለ ሆነ አይለቀለቅም፤ አፉም በጣት አይነካም። የዚህ ናሙና ቅዝቃዜ ተጠብቆ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የኦክስጅኑ ጠርሙስ የአየር አረፋ ሳይቀርበት እስከ አፉ ሞልቶ ይከደናል፤ ምርመራውም እዚያው በኩሬው ዳር ይጀመራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደብተር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ የውኃው ቀለምና ሙቀት፣ የሳሕኑ ልክ፣ ኦክስጅን፣ ፒኤች፣ እንዲሁም በዚያ ሳምንት ወደ ኩሬው የገባው ነገር ሁሉ ይጻፍ። ሳሕኑና ቀለሙ በየሳምንቱ፣ ኦክስጅኑ ደግሞ በደመናማ ወራት ዘወትር ንጋት ላይ ቢታይ መልካም ነው። መለኪያው በየጊዜው በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መሆን አለበት፤ አለዚያ የተለወጠው ውኃው ይሁን ሰዓቱ አይታወቅም። አንድ ቀን የተወሰደ ልክ ብዙ አይናገርም፤ የአንድ ዓመት ደብተር ግን ኩሬው ከመታመሙ በፊት ያስጠነቅቃል።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ትምህርት ከወጣቶች ጋር በኩሬ ዳር ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያ ከሦስት ቦታ፣ ማለትም ከኩሬ፣ ከምንጭና ከቧንቧ በተመሳሳይ ብርጭቆ ውኃ ቀድታችሁ የትኛው ለመጠጥ እንደሚሆን በዓይን እንዲፈርዱ ጠይቋቸው። ፍርዳቸውንም ጻፉት። ቀጥሎ የሴኪን ሳሕን አብራችሁ ሥሩ፤ በኩሬውም ለኩ። በመጨረሻ በሚከተሉት ጥያቄዎች ተወያዩ።

ሀ. በዓይናችን ብቻ ፈርደን የተሳሳትንበት ጊዜ አለን? ስለ ውኃ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውስ?
ለ. በሰፈራችን ካለው ኩሬ ማን ይጠጣል? መጸዳጃ ቤቱና የከብቱ መግቢያ ከኩሬው በየት በኩል ናቸው?
ሐ. የኩሬውን ደብተር ማን ይይዛል? ችግር ሲታይስ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያው ማን ያሳውቃል?

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ነገር ግን ሐሰት ሁልጊዜ ታስቦ የሚነገር አይደለም፤ ሳይመረመር የሚነገርም አለ። በዚያ ማለዳ ከእኛ ማንም ሊዋሽ አላሰበም። ያየነውን አየን፤ ያላየነውን ጨመርንበት፤ አንድ ሰውና ቤተሰቡም ለሁለት ሳምንት የእኛን ጥፋት ተሸከሙ። ጎረቤታችን ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ዕለት ብዙ አልተናገሩም። «ውኃውን ቀድማችሁ ብትጠይቁት ኖሮ» ብቻ አሉን።

ከዚያ ወዲህ ኩሬውን እንጠይቀዋለን። ደብተሩን ከሚይዙት ወጣቶች አንዱ የእርሳቸው ልጅ ነው፤ የብርብራውም ዛፍ ዛሬም በአጥሩ አጠገብ ቆሟል።